ከበራሪ ወረቀቱ የጎደለው ቃል

ነገሩ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጥፋቴ አንዲት ቃል ናት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልተቆጣኝም። ዝም ብል ዛሬም የሚያውቅብኝ ሰው ጥቂት ነበር።

ማታ ማታ የምሠራው ዌስት ፊላደልፊያ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ አዳራሽ ነው። ወንበር እደረድራለሁ፣ መብራት እቆጣጠራለሁ፣ ገመድ እዘረጋለሁ። አዳራሿ ከባልቲሞር ጎዳና ብዙም አትርቅም። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የእኛ ምግብ ቤቶችና የእኛ ሱቆች ያሉት እዚያ ነው። የዚያ ወር ዝግጅት ለአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ለጁሊየስ ኢስትማን መታሰቢያ ነበር። አራት ሰዎች የእሱን ሙዚቃ በቀጥታ ይጫወታሉ። አንዲት ፊልም ሠሪ ደግሞ ከሙዚቃው ጋር የሙከራ ፊልም ታሳያለች። ዓርብና ቅዳሜ፣ ሁለት ምሽት።

የአዳራሹ ኃላፊ የእንግሊዝኛውን በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ። «ለሰፈራችሁ ሰው በአማርኛ አድርግልን» አለችኝ። ደስ አለኝ። እዚያ ቤት ስሠራ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ግድግዳው ላይ አይቼ አላውቅም። ማታውኑ አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

ወረቀቱ መሃል ላይ ኢስትማን በ1976 ለአንድ የባፋሎ ከተማ ጋዜጣ የተናገረው ነገር ተጽፏል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የምጥረው የሆንኩትን ሙሉ በሙሉ ለመሆን ነው ይላል። ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ በሙሉ ሙዚቀኛ፣ ሙሉ በሙሉ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ።

እኔ በአማርኛ ስጽፈው ሁለት አደረግኳቸው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ በሙሉ ሙዚቀኛ። እዚያ ላይ አራት ነጥብ አደረግኩ።

ለራሴ ምክንያት ደረደርኩለት። ሰው አይቶ ይቀደዋል አልኩ። ሱቃቸው ላይ የሚለጥፉልኝን እትዬን ሰው ያማብኛል አልኩ። ዝግጅቱ ስለ ሙዚቃ ነው፣ የሰው መኝታ ቤት ምን አገባኝ አልኩ። ይቺን የመጨረሻዋን በተለይ ከልቤ አምኛት ነበር። ደግሞስ ውሸት አልጻፍኩም። ጥቁር ነበር፣ ሙዚቀኛም ነበር።

«ጥቁር» የሚለውን ስጽፍ ምንም አልከበደኝም። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። አገር ቤት እያለሁ ራሴን ጥቁር ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ እንባባላለን እንጂ። ጥቁር የሆንኩት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ቃሉን አፌ እስኪለምደው ዓመታት ፈጅቶብኛል። እንግዲህ ቃል እንደሚለመድ ከማንም በላይ የማውቅ ሰው ነኝ።

ስምንት ወር

ኢስትማን በ1940 ኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን ኢታካ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ኳየር ይዘምር ነበር። ከዚያ እዚሁ ፊላደልፊያ መጥቶ ከርቲስ ኢንስቲትዩት ገባ። ፒያኖ ሊማር ገብቶ ወደ ሙዚቃ ድርሰት ዞረ፤ በ1963 ተመረቀ። ትምህርት ቤቱ ከእኛ ሰፈር በትሮሊ ሩቅ አይደለም። ከዝግጅቱ በኋላ አንድ እሁድ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ በር ኖታውን ይዞ ሲወጣ ላየው ሞከርኩ።

ቀጥሎ ባፋሎ ሄደ። በዚያን ጊዜ የባፋሎ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ሙዚቃ የሚሞክሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቦታ ነበር። ኢስትማን ይጽፋል፣ ፒያኖ ይጫወታል፣ ይዘፍናል። ድምፁ ከታች ነጎድጓድ ነው፤ ሲፈልግ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ፒተር ማክስዌል ዴቪስ ስለ አንድ አእምሮው የታወከ ንጉሥ የጻፈው ሥራ አለ። ኢስትማን ዘፍኖ ያስቀረጸው ቅጂ ለግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ታጭቷል። ይህ ሁሉ ጥቁር ሰው እምብዛም በማይታይበት መድረክ ላይ ነው።

በ1975 እዚያው ባፋሎ የታዋቂውን የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅን አንድ ሥራ ሲጫወት የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን በግልጽ መድረክ ላይ አወጣው። ኬጅ በጣም ተቆጣ። ኬጅ ራሱ እኮ ከአንድ ወንድ ጋር ብዙ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ነው። በአደባባይ ግን አያወራውም ነበር። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደነገጥኩ። የእኔን ወረቀት ያኔ ለኬጅ ቢያሳዩት «ልክ ነው፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው» የሚል መሰለኝ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ከባድ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ ኢስት ቪሌጅ ከሚኖርበት ቤት በግዴታ ተባረረ። ዕቃው መንገድ ላይ ተጣለ፤ ኖታዎቹም አብረው ጠፉ። ቶምኪንስ ስኩዌር በሚባለው መናፈሻ ያደረባቸው ሌሊቶች አሉ። ግንቦት 28 ቀን 1990 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ባፋሎ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። አብረውት ሙዚቃ የሠሩ ሰዎች እንኳ አልሰሙም። ካይል ጋን የተባለ የሙዚቃ ሐያሲ ቪሌጅ ቮይስ በተባለ ጋዜጣ ላይ መሞቱን የጻፈው በጥር 1991 ነው። ስምንት ወር አልፎ።

እኛ ለዚህ ቃል አለን። መርዶ ይባላል። መርዶ ሲዘገይ ምን እንደሚመስል ስደት ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የሞተው ሰው ልብህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው፤ አንተ ስለ እሱ «ሰሞኑን እደውልለታለሁ» ትላለህ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ከተማ ሙሉ ሙዚቀኛ ኢስትማንን «እስቲ አንድ ቀን እፈልገዋለሁ» ሲል ኖረ።

ኖታው እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልመለስ። ሜሪ ጄን ሊች የምትባል የሙዚቃ ደራሲ በ1998 አንድ ሥራውን ፍለጋ ጀመረች። ለአሥር ቼሎ፣ ቫዮሊን ለሚመስል ትልቅ መሣሪያ፣ የተጻፈ ነው። አንዱን ስትጠይቅ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ሌላ ሰው ስትባል ዓመታት አለፉ። በ2005 ሦስት ሲዲ ሙሉ የቆዩ ቅጂዎች ታተሙ። የቼሎው ኖታ ግን ጠፍቶ ቀረ። በኋላ ክላሪስ ጄንሰን የተባለች ቼሎ ተጫዋች ቅጂውን እየሰማች በጆሮዋ መልሳ ጻፈችው። የኔታ ጋ ዜማ የተማረ ሰው ይህ ምን ዓይነት ልፋት እንደሆነ ይገባዋል።

ቀለበቱ

ለእኔ ፊልም ማለት ሰው አለበት፣ ታሪክ አለበት፣ መጨረሻ አለው። ፊልም ሠሪዋ ሐሙስ ለልምምድ ስትመጣ ሦስት አሮጌ የ16 ሚሊሜትር ፕሮጀክተር ይዛ መጣች። ከባድ ናቸው። አንዱን ስሸከም ወገቤን አመመኝ። ከዚያ አንድ ካርቶን ከፈተች። ውስጡ የተጠቀለለ ጥቁር ፊልም ነው። በመርፌ ተጭሯል፣ በኬሚካል ቀለሙ ተልጧል፤ አንዳንዱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የወጣ ነው። ሰው የለበትም።

ረዳቷ ታሞ ቀርቶ ስለነበር ሦስተኛውን ፕሮጀክተር ለእኔ ሰጠችኝ። አሳየችኝ። ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ፊልም ጫፍና ጫፉ በማጣበቂያ ተያይዞ ቀለበት ሆኗል። አንደኛው ወገን በማሽኑ ውስጥ ያልፋል፤ የተረፈው በማይክራፎን መቆሚያ ላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል። በሴኮንድ ሃያ አራት ምስል ያልፋል። አንድ ዙር አሥር ሴኮንድ ነው። አምፖሉ ፊት ካለችው ትንሽ በር በላይና በታች ፊልሙን ላላ አድርገህ ትተዋለህ። ካልተውክለት ይቀደዳል። ደጋግማ ነገረችኝ፤ «ትንፋሽ ስጠው» አለችኝ።

ሦስቱ ቀለበቶች ርዝመታቸው ይለያያል። ስለዚህ ሦስቱ ምስሎች ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሲወጡ አንዴ የተገናኙት እንደገና እንደዚያው አይገናኙም። የእኔው ጥቁር ላይ ነጭ ጭረት ነበር። ሲዞር ዝናብ ይመስላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ክር ይመስላል።

«ለምን ፎቶውን አታሳዪም? ለምን መናፈሻውን አታሳዪም?» ብዬ ጠየቅኳት። እያሰበች መለሰችልኝ። ፎቶውን ካዩ ሰዎች ያዝኑለታል፤ ማዘን ሲጀምሩ ደግሞ መስማት ያቆማሉ አለች። ሰዎቹ እንዲያዝኑለት ሳይሆን እንዲሰሙት ነው የምፈልገው አለችኝ። ያኔ አልተዋጠልኝም። የሞተ ሰው መታሰቢያ ላይ ፎቶ አለመኖሩ ነውር መሰለኝ።

ልምምዱ አልቆ ቀለበቱን ሳወጣ አንድ ነገር አየሁ። ፊልሙን በጣቴ ስዳስሰው ጠዋት ያልነበረ ጭረት አለበት። አቧራ ይገባል፣ ብረቱ ይፈገፍገዋል፣ ሙቀቱም አለ። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ጭረት ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ግማሽ ሰዓት ማለት 180 ዙር ነው። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ ያለው ዝናብ መጀመሪያ ላይ ከነበረው ይበረታል። ይህን ማንም አልሠራውም፤ ድግግሞሹ ራሱ የሠራው ነው።

የኢስትማን ሙዚቃም የሚሄደው እንዲህ ነው። አንድ አጭር ነገር ይነሳል። ይደገማል። ሲደገም አንድ ነገር ይጨመርበታል። ሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁሉ መያዝ አለበት፤ ከዚያ ነው ወደፊት የሚሄደው ይላል እሱ። አንዳንዴ ደግሞ የያዘውን ቀስ እያለ ይቀንሳል። እንደ ሕይወት ያለው ነገር ስለሚያድግ ኦርጋኒክ ሙዚቃ ብሎ ሰይሞታል።

ልምምዱን ስሰማ ማኅሌት ትዝ አለኝ። አያቴ ሌሊት ቀስቅሳ ትወስደኝ ነበር። እንቅልፌ እየመጣ ግድግዳ ተደግፌ እሰማለሁ። መጀመሪያ ቃሉ ብቻውን ይዜማል። ያው ቃል በመቋሚያ ይመለሳል። ጸናጽል ይገባል። ከበሮ ይከተላል። እየፈጠነ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጭብጨባ ይሆናል። ቃሉ ከመጀመሪያው አልተለወጠም። የሚሰማው ሰው ግን ተለውጧል። ኢስትማን የእኛን ማኅሌት ሰምቷል እያልኩ አይደለም። ጆሮዬ መንገዱን የሚያውቀው ከየት እንደሆነ ለመናገር ነው።

የ1980 ድምፅ

ዓርብ ማታ አዳራሹ ሞላ። እኔ ከኋላ ፕሮጀክተሬ ጎን ቆሜያለሁ። ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሁለቱ ወረቀቶች አሉ። እንግሊዝኛው፣ አጠገቡም የእኔ አማርኛ።

መብራቱን አጠፋሁ። ፊልም የለም፣ ሙዚቃም የለም። ከድምፅ ማጉያው የአንድ ሰው ንግግር ብቻ መጣ። የራሱ የኢስትማን ነው፤ በጥር 1980 ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከኮንሰርቱ በፊት ለተመልካቹ ሲናገር የተቀዳ። ረጋ ያለ ድምፅ ነው። ትሁት ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ የሚናገር ይመስላል።

በዚያ የ1980 ምሽት በአራት ፒያኖ የሚጫወቱት ሦስት ሥራዎች ነበሩ። የሁለቱ ርዕስ ውስጥ ለጥቁር ሰው የሚወረወረው ያ ስድብ አለ። የሦስተኛው ርዕስ «ጌይ ጉሪላ» ነው። ስድቡ ያለባቸውን ርዕሶች የጥቁር ተማሪዎች ማኅበርና አንዳንድ መምህራን ተቃወሙ። ተማሪዎቹን እረዳቸዋለሁ። እኛም ጋ «ባሪያ» የሚል ቃል አለ፤ ማንም ርዕስ አድርጎ ቢያመጣው ደሜ ይፈላል። በመጨረሻ ርዕሶቹ ከፕሮግራም ወረቀቱ ላይ ወጡ።

ወረቀቱ ላይ ስለሌሉ ኢስትማን መድረክ ላይ ቆሞ በአፉ ተናገራቸው። አንድ በአንድ። ለምን እንደሰየማቸውም አስረዳ። ስለ ስድቡ ሲናገር እኔ በዚህ ቃል የምለው መሠረት የሆነውን ነው አለ፤ ላይ ላዩን ያማረውን የሚንቀውን። ስለ «ጉሪላ» ሲናገር ደግሞ ሽምቅ ተዋጊ ማለት ለሚያምንበት ነገር ሕይወቱን የሚሰጥ ነው አለ። ይህን ስም የምጠቀመው፣ ብጠራ እኔም እንደዚያ እሆናለሁ በሚል ተስፋ ነው አለ።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ፊቴ ጋለ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ የእኛ ሰዎች። ይህ ሰው ስሙን ራሱ አውጥቷል። ወረቀቱ ላይ አናትምልህም ሲሉት በአፉ ተናገረው። እኔ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ ማንም ሳይቃወም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ በአውራ ጣቴ አወጣሁት። ያውም መታሰቢያው ላይ።

ፊልም ሠሪዋ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ማሽኑን አስነሳሁት። ፒያኖዎቹ በአንድ ቁልፍ ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ዝናብ መጀመሪያ። ሥራው «ጌይ ጉሪላ» ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መሃል አልፎ አንድ መዝሙር ከውስጡ ይወጣል። ማርቲን ሉተር «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» ከሚለው መዝሙረ ዳዊት ተነስቶ የጻፈው ነው። እናቴ ይህን መዝሙር በየጠዋቱ ትደግመዋለች። ሽምቅ ተዋጊ ነኝ ያለው ሰው ሙዚቃው መሃል ላይ ምሽግ አድርጎ ያስቀመጠው እሱን ነው። አራቱም ፒያኖ መዝሙሩን ሲይዙት የእኔ ቀለበት ላይ ያለው ጭረት በዝቶ ግድግዳው ሊነጣ ደርሶ ነበር። ያኔ ፎቶው ለምን እንዳልታየ ገባኝ። ፎቶ ቢኖር ኖሮ ፎቶውን አይ ነበር። ፎቶ ስለሌለ የማየው የራሴን ሥራ ሆነ።

አራት ነጥቧ

ሰው ሲበተን ገመድ እየጠቀለልኩ አንድ ወጣት መጣ። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ይሆናል። ሁለቱን ወረቀቶች በእጁ ይዟል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አበሻ ነህ አይደል? ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ደስ የሚል አማርኛ ነው» አለኝ። ከልቡ ነበር። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ጣቱን እንግሊዝኛው ላይ አደረገ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣቱን ወደ አማርኛው አዞረ። አንድ፣ ሁለት። ሁለተኛው ላይ ያለችው አራት ነጥብ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ቦታ አልበቃኝም» አልኩት።

ከአራት ነጥቧ በታች አራት ጣት የሚሞላ ባዶ ወረቀት አለ። ሁለታችንም አየነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ብያለሁ። እሱ አልተከራከረኝም። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ የመጣሁት በእንግሊዝኛው ነው» አለኝ።

ምን ልበለው? አማርኛው ለእሱ ቋንቋ ነው። እናቱ የተቆጣችበት፣ ያባበለችበት ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ የተጻፈው ወረቀት ላይ እሱ የለም። ያስወጣሁት ኢስትማንን ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ምን ብዬ ልጻፈው ግን?» አልኩት። ይህኛው ማምለጫ አልነበረም፤ በእርግጥ ቸግሮኝ ነው። ጠዋት ማታ የምንሰማው «ግብረ ሰዶማዊ» የሚለው ነው። ቃሉ ውስጥ የእሳት ፍርድ የወረደባት ከተማ አለች። ገና ስትጠራው ፈርደሃል። «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለው ደግሞ ረጅም ነው፤ የክሊኒክ ቅጽ ላይ ያለ ይመስላል። «ጌይ» አጭር ነው፤ ግን ከውጭ የመጣ ነው ብሎ ነገሩንም ከውጭ የመጣ ለሚያደርግ ሰው በር ይከፍታል።

«እኛ ዜጋ ነው የምንባባለው» አለኝ።

ቃሉን ከዚያ በፊት በዚህ ትርጉሙ ሰምቼው አላውቅም። በኋላ ስፈልግ በአደባባይም የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት፤ እዚህ ያነሳሁትም ለዚያ ነው። ዜጋ። ፓስፖርት ላይ «ዜግነት» የሚለው መስመር አለ፤ እዚያ ላይ አገርህ ይሞላል። የኔ የምትለው አገር የኔ ልጅ አይደለህም ሲልህ ራስህን ዜጋ ብለህ መጥራት። ገመዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጁ ደህና እደር ብሎኝ ሄደ። የእንግሊዝኛውን ወረቀት ይዞ ሄደ፤ አማርኛውን ወንበሩ ላይ ተወልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ባለው ማሽን ወረቀቱን እንደገና አተምኩ። «ዜጋ» አላልኩም። እሱ እነሱ ለእርስ በርሳቸው ያወጡት ነው፤ ግድግዳ ላይ እንድለጥፈው አልተሰጠኝም። ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ በሙሉ ሙዚቀኛ፣ ሙሉ በሙሉ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ብዬ ጻፍኩ። ረጅም ነው። ቦታው በቃው።

አንድ ምግብ ቤት አነበቡና መለሱልኝ። በትህትና ነው የመለሱልኝ። ሌላ ቦታ ሳያነቡ ለጠፉት። ከዚያ እትዬ ሱቅ ሄድኩ። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለፈራሁ ነው።

የሱቁን ግድግዳ ልንገራችሁ። በበሩ በኩል የሚከራይ ክፍል፣ የሚሸጥ መኪና፣ የሕፃን ሞግዚት ፍለጋ። ወደ ውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ፣ የእድሩ ስብሰባና የለቅሶ ማስታወቂያዎች። ፎቶ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀብሩ የት እንደሚሆን። እትዬ እነዚያን ቶሎ አያነሷቸውም። አርባው እስኪወጣ ይተዋቸዋል። የእኔ የመጀመሪያ ወረቀት በበሩ በኩል ነበር፤ ከሚከራየው ክፍል ጎን።

«እትዬ፣ ያመጣሁልዎት ወረቀት ስህተት አለበት፤ ልቀይረው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እያነበቡ ሄዱ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። ዓይናቸው ብቻ ሄደ። መነጽራቸውን አወጡ።

«ይሄ መጻፍ ነበረበት?»

«እሱ ራሱ ነው እንዲህ ያለው እትዬ። እኔ ቆርጬበት ነበር።»

ዝም አሉ። አንዲት ሴት እንጀራና ሽሮ ልትገዛ ገባች። ሽሮውን መዘኑላት፣ መልስ ሰጧት፣ ስለ ልጆቿ ጠየቋት። ሸኟት። እኔ ፕላስተሬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሞቷል። በ1990።»

«ቀባሪ ነበረው?»

ስለ ስምንት ወሩ ነገርኳቸው። የሙዚቃ ባልደረቦቹ ሳይሰሙ፣ ጋዜጣ ሳይጽፈው እንደከረመ። ስለ ኖታዎቹም ነገርኳቸው፤ መንገድ ላይ ስለተጣሉት።

«ስምንት ወር ሙሉ መርዶ ሳይነገር?» አሉ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉት። «ወይ የሰው ልጅ።»

ወደ በሩ ሄደው አሮጌውን ወረቀት በራሳቸው እጅ አነሱት። እዚያው አዲሱን ይለጥፉታል ብዬ ፕላስተር ቆርጬ ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ግን ተመልሰው መጡ። ከሚዛኑ በላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱን ትንሽ ገፋ፣ ሌላውን ትንሽ ገፋ አደረጉና መሃላቸው ቦታ አበጁለት። እዚያ ለጠፉት። አራቱንም ማዕዘን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

ወደኋላ ሸሸት ብለው አዩት።

«ዕድሜውን አልጻፍክም» አሉኝ።

እስክሪብቶ አውጥቼ ከስሙ ጎን 49 ብዬ ጻፍኩ።